የአባባ ግዝት

ሚዛን አማን
ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ ካሣዬ፤ ከቱም ወዲያ ወርቅ ፍለጋ መሬት እንደ ፍልፈል ለሚምሰው

ሕዝቄ! መጀመሪያ ጭቃው እንዴት ነው? አንተን በኋላ እጠይቅሃለሁ። ከእኛ ይልቅ ከጭቃው ጋር ስለምትውል ቅድሚያው ለሱ ነው።

ትምህርት ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይበላ ነበር። የሰማይ ከዋክብትና የምድር አሸዋ ብለን ሳንጨርስ ይደወላል። እኔ ላሳጥርልህ፤ እኔ ደህና ነኝ፣ እማዬ ደህና ናት፣ ባጃጄ ያስላል፣ አባባ አልሞተም። የመጨረሻዋን ደግመህ አንብባት። በሌላው ሁሉ ብቀልድብህም በሷ አልቀለድኩም።

እንደምታውቀኝ ብዕርና እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ተኳርፈናል። ዛሬ የታረቅነው በግድ ነው። እናንተ ጋ ኔትወርክ የለም፣ ናስረዲን ደግሞ ነገ ሲነጋ ጭኖ ወደ ቱም ይወርዳል። ትናንት ከዚያ ሲመለስ የአይሱዙውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ በመስኮት ጠራኝ።

«አንተ እንድርያስ! ወንድምህ ቃል ልኮብሃል።»

«ወርቅ አገኘ እንዴ?»

«ወርቁን ተወው። ‹አባባ በሚካኤል ተገዝቶ አረቄ ማቆሙን ሰማሁ፣ ኮራሁበት። እኔም ፍልሰታ ሲገባ በአንድ ቀን እቆርጠዋለሁ። ድንኳኔ ውስጥ ተጠቅልዬ እተኛለሁ፣ ሲወጣልኝ እነሣለሁ። ለእማዬ እንዳትነግሯት› ብሎሃል።»

መጀመሪያ ሳቅሁ። አንተና ጾም! ከዚያ የአባባ ነገር ትዝ አለኝ፤ ናስረዲንም አየኝና ሞተሩን አጠፋ።

ስማ። ይሄ ደብዳቤ የተጻፈው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አቁም፣ ግን እዚያ፣ ለብቻህ፣ በአንድ ቀን እንዳታቆም። አንተ ጋ የደረሰው የአባባ ግዝት ብቻ ነው። ከግዝቱ በኋላ የመጣው ጉድ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቀርቷል። እሱን ነው የምነግርህ። ደስ የሚል ነገር የለበትም፤ እየበላህ ከሆነ ሳህኑን አስቀምጥ።

«እኔ እንደ አባባ አይደለሁም» እንዳትለኝም። ለፋሲካ መጥተህ ጠዋት ጠዋት ከጓዳው በር ኋላ ቆመህ ከአባባ ጠርሙስ ስትጎነጭ አይቼሃለሁ። ጎነጭህ፣ እጅህን አየኸው፣ እስኪረጋ ጠበቅኸው፣ ከዚያ «እንደምን አደራችሁ» ብለህ ገባህ። አፍህ የአይጥ ሬሳ የወደቀበት ማሰሮ ይሸት ነበር። እማዬ ስትስምህ ትንፋሿን ይዛ ነው የሳመችህ። አላየህም፤ እኔ አየሁ። ናስረዲንም አሁን ሳትጠጣ አካፋ መያዝ እንደማትችል ነገረኝ። ስለዚህ አንተ አባባ ነህ፣ ያውም ያለ ጺም።

አባባ እንዴት ያነጋ እንደነበር ታውቃለህ። አማን ገበያ ላይ «የካሣዬ እጅ ወርቅ ነው፣ አንድ መለኪያ ካገኘ» ይሉ ነበር፤ እኛም እንደ ምርቃት ሰምተን እንስቅ ነበር። ሳይጠጣ ክሩ የመርፌው ዓይን ውስጥ አይገባለትም። አንዷን መለኪያ ሲደፋ እጁ እንደ ሐውልት ይቆማል። ከዚያ አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ ጠርሙስ ሆነች፤ እሱ ግን አይሰክርም። ሱሪ ያሰፋ ሰው ሱሪውን ሲረከብ አሽትቶት ፊቱን ያጨማድዳል። ትራሱ ይሸታል። ላቡ ይሸታል። ከአልጋው ሥር ያለውን ፖፖ ማን ይድፋው በሚል ከእማዬ ጋር ስንጣላ ነው የምናረፍደው። አስጠልቶኝ ነበር ሕዝቄ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝ «አዎ፣ ልብስ ሰፊው» እላለሁ እንጂ ስሙን አልጠራም ነበር።

እንግዲህ ሰኔ ሚካኤል ማኅበሩ ጋሽ ዓለምሰገድ ቤት ነበር። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ እሳቸው አይደሉ፤ ያቺን በረዶ የመሰለች ነጠላቸውን አጣፍተው ከጽዋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጽዋው ዞሮ አባባ ጋ ሲደርስ ተቀብሎ ከማለፍ ይልቅ ብድግ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ አረቄም ይሁን ጠጅ፣ ጠላም ቢሆን፣ ብቀምስ ሚካኤል በሰይፉ ይምታኝ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እማዬ አለቀሰች። ጋሽ ዓለምሰገድ «ተመዝግቧል! በሰማይም በምድርም ተመዝግቧል!» አሉ። እኔ እማዬ ጆሮ ሥር ጠጋ ብዬ «በሰይፍ ከሚል በጥፊ ቢል አይሻልም ነበር?» ብል ክንዴን ቆንጥጣ አበለዘችው።

በማግስቱ አባባ ሥራ ገባ። ረፋድ ላይ ተመለሰ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ነው የሚመስለው። እጁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከንፈሩ፣ አገጩ፣ ጉልበቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ የመሰለኝ ለሥራ ሲሰንፍ የሚጫወተው ድራማ ነው። «በል እንግዲህ፣ ንጹሕ ሰው ሆነሃል፣ አስገባ» ብዬ መርፌና ክር ሰጠሁት። ክሩን ወደ መርፌው ሲወስድ መርፌው ወዲያ ይሄዳል፤ በመጨረሻ አውራ ጣቱን ወጋ። ደሙን አየና አስታወከ። ወለሉ ላይ፣ እግሬ ላይ። ምግብ እንኳ የለበትም፣ ቢጫ ውሃ ነው፤ እንደ ሬት ይሸታል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋጋ ገብቼ ባየው አልጋው ላይ ተቀምጦ አየር ይሰፋል። አልቀለድኩም። በሁለት ጣቱ የሌለ መርፌ ይዟል፣ የሌለ ክር በምራቁ ያሾላል፣ ያስገባል፣ ይጎትታል፣ በጥርሱ ይቆርጣል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሥራው ግን ልክ ነው። መሀል ላይ ደንገጥ ይልና ከጭኑ ላይ ጉንዳን ያራግፋል። ጉንዳን የለም። «ልብሱን በሉት፣ የሰውን ልብስ በሉት!» ይላል። ላቡ ፍራሹን አልፎ ጠርቡ ላይ ይንጠባጠባል። ሽንቱንም አልያዘም። የሚሸተውን ሽታ ልገልጽልህ ፈልጌ ቃል አጣሁ፤ የፈሰሰ ኮምጣጤ ላይ አሮጌ ቆዳ ቢቃጠል ይጠጋዋል።

ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ዓለምሰገድ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ፣ ግን ደፉን አላለፉም። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው ከበሩ ላይ ፈረዱ።

«አፈረሰ! ግዝቱን አፍርሶ ነው! እነሆ ሚካኤል ጀመረው!»

አገሩ ሁሉ ተቀበላቸው። «ደብቆ ጠጥቶ ነው።» «ሰይፉ እኮ አይስትም።» «ምነው ባይምል ኖሮ።» እማዬም አመነች፣ ሕዝቄ። የኛ እማዬ! ፍራሹን ገለበጠች፣ የስፌት መኪናውን መሳቢያ አወጣች፣ የቁርጥራጭ ጨርቁን ጆንያ መሬት ላይ ዘረገፈች፤ ጠርሙስ ትፈልጋለች። አባባ ከአየር ስፌቱ ለአፍታ ተመለሰና አያት። ምላሱ እየተሳሰረ በስሟ ጠርቷት «ተሾመች… በልጆቼ ሞት… አልቀመስኩም» አለ። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። ጆንያውን ማራገፏን ቀጠለች።

ያን ሰዓት የትውከቱም የሽንቱም ማስጠላት ከሆዴ ወጣ። ያስጠላኝ የጋሽ ዓለምሰገድ ንጹሕ ነጠላ ሆነ። አንድ ጠብታ እንኳ አልነካውም። እና ታውቀኛለህ፣ አጋንንቴ ተነሣ።

«ጋሼ፣» አልኳቸው በትሕትና፣ «እኛ የሥጋ ዘመድ ስለሆንን እናዳላለን። እርስዎ የማኅበሩ ሙሴ ነዎት። ጠጥቶ እንደሆነ አፉን አሽትተው ይፍረዱ።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ ያሽትቱ» አለ። ማምለጫ የለም። ገቡ። እንደ ሰጎን አንገታቸውን አስረዝመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፍንጫቸውን ወደ አባባ አፍ አስጠጉ። አባባም ለእንግዳው የነበረውን ሰጠ። ከአንገታቸው እስከ እምብርታቸው ያቺ በረዶ ነጠላ ቢጫ ሆነች።

መሳቅ ነበረብኝ። ለሳቅ ነው ያዘጋጀሁት። ግን እማዬ ከመሬት ተነሥታ መጣች፣ ከጋሽ ዓለምሰገድ ደረት ላይ የነጠላውን ጫፍ በእጇ አነሣች፣ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፣ አሸተተች። ረጅም ጊዜ አሸተተች። ስንት ዓመት አብራው ተኝታለች፤ አረቄ ቢኖርበት በአንድ ማሽተት ትለየው ነበር።

«የለበትም» አለች። «አልጠጣም። ካሣዬ አልጠጣም።»

እሷ ይሄን ስትል አባባ ግንባሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ወደቀ። ሰውነቱ እንደ ጠርብ ደረቀ፣ ከዚያ ሁለ ነገሩ ይዘል ጀመር። ጥርሱ ምላሱን ነክሶ አረፋው ቀላ። ዓይኑ ክፍት ነው፣ እሱ ግን ውስጡ የለም። ሴቶቹ ጮኹ። ቆይቶ ሲለቀው እንደ እርጥብ ጆንያ ተዘረጋ፣ ያንኮራፋል።

«ወደ ሚካኤል ጸበል! አሁኑኑ!» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እማዬ አየችኝ። እሺ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እሷ ታውቃለች። «በል ንዳ» አለችኝ።

አባባን ከባጃጄ ኋላ ጫንነው፣ እማዬ አንገቱን ወደ ጎን አዘንብላ ያዘች፣ ጋሽ ዓለምሰገድ ነጠላቸውን እንደያዙ ተጨናነቁ። የቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ነዳጁን አስጨነቅሁት። መታጠፊያውን አለፍነው።

«አንተ! አለፍከው እኮ! ቁም!»

«ጋሼ ፍሬን እምቢ አለኝ!»

«ምን አልክ?»

«ፍሬን የለኝም! ይጸልዩ!»

ጸለዩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከልባቸው ነው የጸለዩት፤ ሲጮኹ መንገደኛው ሁሉ ይሸሽልኝ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ፍሬኑ በተአምር ዳነ።

አሁን የምነግርህን አንተ ሸለብ ሳያደርግህ አንብብ፤ የመጣሁበት ይሄ ነው።

የተቀበለችን ሲስተር ማርዋ የምትባል ናት። ቀጭን ናት፣ ግን ድምጿ ወታደር ያሰልፋል። መጀመሪያ የጠየቀችው «ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?» ብላ ነው።

ጋሽ ዓለምሰገድ «እኛንም የጨነቀን እሱ ነው ሲስተር» አሉ። «ተገዝቶ ነበር። ዛሬ ደብቆ ጠጥቶ ይሆናል።»

«ዛሬ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» አለች። «ይሄ የሆነው ስላልጠጣ ነው።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ቢጫ የሆነች ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፏት። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ሰውዬው ቃሉን ጠብቆ፣ እኛ ቃሉን አፈረሰ ብለን ጆንያ ስንፈትሽ… በቃ። ይሄን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

መርፌ ወጉት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ሲረጋጋ እኔ ሲስተር ማርዋን ተከተልኳት። ነገር ሳይገባኝ እንደማልተኛ ታውቃለህ፣ ሲገባኝም አልተኛም።

«አባትህ ፍሬን የለውም» አለችኝ። ክው አልኩ፤ ባጃጅ ላይ የዋሸሁትን የሰማች መስሎኝ። እሷ ግን የራሷን ነው የምታወራው። «አንጎል ውስጥ መልእክት የሚቀበሉ በጣም ትናንሽ ነገሮች አሉ፣ ተቀባዮች እንላቸዋለን። አንዳንዶቹ ‹ተረጋጋ› የሚለውን መልእክት ይቀበላሉ። ሌሎቹ ‹ንቃ፣ ፍጠን› የሚለውን። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ነው ሰው ደህና የሚሆነው።»

«ፍሬንና ነዳጅ» አልኳት።

«በለው ፍሬንና ነዳጅ። አረቄ ሲገባ ፍሬኑን ያጠብቃል፣ ነዳጁን ያፍናል። ለዚያ ነው የሰከረ ሰው ምላሱ የሚጎተተው፣ ተደፍቶ የሚተኛው። የአንድ ቀን ከሆነ አንጎል ወደ ቦታው ይመለሳል። በየቀኑ ለዓመታት ከሆነ ግን አንጎልም ሞኝ አይደለም፤ ፍሬን ሲረገጥበት እየዋለ ሥራ መሥራት አለበት። ስለዚህ የፍሬኑን ተቀባዮች ይቀንሳል፣ የቀሩትንም ያደነዝዛቸዋል። የነዳጁን ተቀባዮች ያበዛቸዋል። ከአረቄው ጋር እየተጎተተ ይመጣጠናል።»

«ድሮ በሁለት መለኪያ የሚሰክር ሰው በኋላ ጠርሙስ ጨርሶ ዝንፍ የማይለው ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው። ጎበዝ ሆኖ እንዳይመስልህ፣ አንጎሉ ተለውጦ ነው። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠውም ሌሊት አረቄው ስለሚያልቅበት ነው። እንግዲህ አረቄውን በአንድ ቀን ብታነሣበትስ?»

አሰብኩት። የተበላ ፍሬን፣ የተከፈተ ነዳጅ፣ ቁልቁለት፤ ሲረግጥ የኖረው እግር ደግሞ ድንገት ተነሣ። «ገደል» አልኳት።

«ገደል» አለች። «መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንዳያችሁት ያለ መጣል። ቶሎ ካልታከመ ሰው ይሞትበታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ክፉዎቹ።»

የሚያረጋጋው ጋባ፣ የሚያነቃው ግሉታሜት ይባላል አለችኝ። ሁለተኛው የቻይና መለዋወጫ ስም ነው የሚመስለው። ለአረቄው ምትክ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥተው ቀን በቀን እየቀነሱለት ሄዱ፣ ተቀባዮቹ ወደ ልካቸው እንዲመለሱ ጊዜ ለመስጠት። ቫይታሚንም በመርፌ። አረቄ ምግብ ሲያስረሳው ኖሮ ሰውነቱ ባዶ ነበር። ግን መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝቶ በራስ መዋጥ ሌላ ገደል ነው ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ ብልጠትህን ስለማውቅ ነው ይሄን የምጽፍልህ።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ማርዋ ጓንት ሰጠችኝ፣ ጠበበኝና አውራ ጣቱ ላይ ተቀደደ። በተቀደደ ጓንት ከመታገል አውልቄ ጣልኩት። ሕዝቄ፣ አስቀያሚ ነው። አባት ልጁን ያጥባል እንጂ ልጅ አባቱን እንዲህ አያጥብም። ጭኑ ላይ የደረቀውን ሳላቅቅ ሦስቴ ወደ በሩ ወጥቼ ተመለስኩ። ጀርባው ላይ ያሉት አጥንቶች እንደ መሰላል ይቆጠራሉ፣ ስንት ጊዜ ተሸክሞን እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ያም አስጠላኝ። ሁሉም ነገር አስጠላኝ። «ፈቃድ የለሽ፣ ልፍስፍስ» ብዬ ስንት ዓመት የሰደብኩት ሰው ያን አንጎል ተሸክሞ አንዴ ቃሉን ጠበቀ። የጠበቀውም በዓለም ላይ ሊጠብቀው በማይገባው መንገድ ነበር።

አሁን ቤት ነው። እንደ እርጉዝ ሴት በየሰዓቱ ይርበዋል። ይነጫነጫል። ወደ ገበያ ሲሄድ የነወሰንየለሽን አረቄ ቤት ላለማየት በወንዙ በኩል ይዞራል፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ ይመለሳል፤ እኔም «ምነው አሳ ልታጠምድ?» እላለሁ፣ እሱም ጫማውን ይወረውርብኛል። ሲስተር ማርዋ ተቀባዮቹ ቀስ ብለው ይመለሳሉ፣ አምሮቱ ግን ረጅም ዕድሜ አለው ብላዋለች። ጋሽ ዓለምሰገድማ ምን ይላሉ መሰለህ? «ነርቭ መሆኑን ገና ሳየው አውቄያለሁ። ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ አይደለሁ?» ለማኅበሩ ሁሉ። ነጠላዋም ታጥባ በረዶ ሆናለች።

እንግዲህ አንተ ድንኳንህን አስብ። አየር ስትሰፋ፣ ወይም ጭቃ ስታጥብ፣ ማን አለ? አብረውህ የሚቆፍሩት «ጋኔን ያዘው» ብለው እጅህን ከግንድ ያስሩታል፤ ክፋት የላቸውም፣ እኛም ያሰብነው ከዚያ አይሻልም። እማዬ የለችም። ነጠላ የሚያሸትልህ የለም።

ዛሬ ጠዋት ሲስተር ማርዋ ጋ ሄድኩ። «አንድ ጓደኛዬ አለ» አልኳት፣ ያንተን ሁሉ ነገርኳት።

«ጓደኛህ ስሙ ማን ነው?»

«ሕዝቅያስ ካሣዬ።»

«የአባትህን ስም የያዘ ጓደኛ» አለች፣ አልሳቀችም። «ይምጣ። ዛሬውኑ ይነሣ። እዚህ እኛ እናስቆመዋለን። እዚያ ግን በድንገት እንዳያቆም።»

«ታዲያ መንገድ ላይስ? መንገዱ በዚህ ዝናብ ጀሙ ላይ ሊያሳድረው ይችላል።»

ተነሥታ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች። ልትለው የማትወደው ነገር እንደሆነ ገባኝ። «የለመደውን ትንሽ ትንሽ ይውሰድ» አለች። «እንዳይሰክር፣ እንዳይንቀጠቀጥም። እዚህ በር እስኪደርስ ብቻ።»

ስለዚህ ዛሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰንየለሽ ቤት ገባሁ። ጠርሙስ ስጠይቃት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ በሞትኩት! አባትየው ሲወጣ ልጅየው ገባ?»

«አዎ እትዬ፣ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሳቃቸውን ተሸክሜ ወጣሁ። ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፣ ግን ሽታው በጋዜጣም ያልፋል፤ እጄን በሳሙና ታጥቤም አለ፣ ይሄን ስጽፍም አለ።

ናስረዲንን ስለምነው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «እኔ? አረቄ? በመኪናዬ? አስተግፊሩላህ!»

«ናስሬ፣ መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት በሐኪም ጠርሙስ ነው የሚመጣው።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ የአየር ስፌቱን፣ የተነከሰውን ምላስ። ጺሙን ሲዳብስ ቆየ። «እኔ በእጄ አልነካውም» አለ። «አንተ ራስህ ከወንበሩ ሥር አስገባው። እሱ ራሱ ያውጣው። እኔ መኪና ነው የምነዳው። አላህ ደግሞ ለምን እንደምነዳ ያውቃል።» ከዚያ ቀጠለ፦ «አልመጣም ካለኝ ግን እንደ ጆንያ ነው የምጭነው።» ያደርገዋል። ክንዱን አይተኸዋል።

ለእማዬ የነገርኳት ለፍልሰታ መምጣትህን ብቻ ነው። ከሰማች ጀምሮ አልጋህን ሦስት ጊዜ አንጥፋለች። «የሄደበት ይቅናው፣ የሚመለስበት ይቅለለው፣ የጠላው አፉ ይያዝ በለው» ትላለች። አባባ ቁመትህ ስንት እንደነበር ጠየቀኝ፣ ከዚያ ቢለካህ ይሻላል ብሎ ተወው። እኔ ምርቃት አልችልም፣ ስለዚህ አምላክ ጭቃውን ያድርቅልህ፣ ናስረዲንን ያስችለው።

ሕዝቄ፣ ይሄን ነገር አሁንም ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ሰው ሲጠጣው ማየት አልችልም። አንተ ስትጠጣው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጠርሙሱ ከሾፌሩ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው። እጅህ ሲጀምርህ አውጣው፣ ጥቂት ተጎንጭ፣ መልሰህ ክደነው። አትፈር፣ ናስረዲን ወደ መንገዱ ነው የሚያየው። ባቹማም ላይ መንቀጥቀጡ ቢይዝህ እንደዚያው። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ጠጣና ና።

ወንድምህ
እንድርያስ ካሣዬ